ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና የመልእክት መንገድ፦ ከስልክ ሽቦ እስከ ዋግ ኽምራ የሞባይል ማማ

በአገራችን የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ የመጀመሪያው ምዕራፍ ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የሕይወት ታሪክ ተለይቶ ሊነገር አይችልም። ይህ ጽሑፍ የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት በአንድ ጥያቄ በኩል ይመለከታል፤ ጥያቄውም መልእክት ከላኪ ወደ ተቀባይ በምን መንገድና በማን እጅ ያልፋል የሚል ነው። ይህን የመረጥነው በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉ የዋግ ኽምራ ተራራማ ወረዳዎች የሚኖሩ ተገልጋዮች፣ ስልካቸው ኔትወርክ እንዳለ እያሳየ ጥሪ የማያወጣው ስለ ምን እንደሆነ ሊያውቁ ስለሚገባ ነው። የጥያቄው መልስ ከ130 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስደናል።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ መለኮት የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ሲሆኑ፣ የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበር። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ ሲዘምቱ አባታቸው በሕመም ዐረፉ፤ ገና አሥራ አንድ ዓመት የሞላቸው ምኒልክም ተይዘው ኋላ በመቅደላ አምባ ተቀመጡ። ቴዎድሮስ በእስር ይያዟቸው እንጂ እንደ ልጅ አሳድገዋቸዋል፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ድረውላቸዋል። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ፣ በሰኔ 1857 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከአምባው አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱና የአባታቸውን መንግሥት ያዙ።

በዚያው ዘመን በዋግና በላስታ ዋግሹም ጎበዜ ገብረ መድኅን በቴዎድሮስ ላይ ሸፍተው ነበር። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞቱ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን፣ በሐምሌ 1863 ዓ.ም.፣ በዓድዋ አቅራቢያ ቁጥሩ አነስተኛ ሆኖ የጦር መሣሪያው በበለጠ ጦር ተሸነፉ። ድል ያደረጓቸው ካሳ ምርጫም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሆኑ። ምኒልክ እነዚህን ሁሉ ክንውኖች ከሩቅ ይከታተሉ ነበር። ይሁን እንጂ በዘመኑ ከሩቅ መከታተል ማለት ምን እንደነበር ዛሬ ለመገመት ያስቸግራል። የዋግ ወሬ ወደ ሸዋ የሚደርሰው በእግረኛ መልእክተኛ፣ በመነኩሴ ወይም በነጋዴ ነበር። ሰቆጣ ከዓፋር ረባዳ የሚመጣው የአሞሌ ጨው የሚሸጥባት ትልቅ ገበያ ስለነበረች፣ ወሬም ከጨው ጋር በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ይገባባትና ይወጣባት ነበር ማለት ይቻላል። ክረምት ሲገባና ተከዜ ሲሞላ ወሬውም ከነጋዴው ጋር ወዲያ ማዶ ይቀራል።

ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. ለዐፄ ዮሐንስ ገብረው የሸዋ ንጉሥነታቸው ጸናላቸው። በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለ ወጣት የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ወደ አንኮበር መጣ፤ ይህ ሰው ከሃያ አምስት ዓመት በላይ በቤተ መንግሥቱ አገልግሎ በስልኩም፣ በባቡሩም፣ በውጭ ግንኙነቱም እጁ ገብቷል። በ1875 ዓ.ም. ምኒልክ ጣይቱ ብጡልን አገቡ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በዚሁ ጊዜ ወደ ደቡብ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የተካሄደው ዘመቻ ግዛታቸውን እጅግ አስፍቶታል። ዘመቻው በተሸነፈው ሕዝብ ላይ ያደረሰው ጉዳት ከባድ ነበር። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ግን አንድ ነጥብ ነው፤ ግዛቱ በሰፋ መጠን የንጉሡ ትእዛዝ ወደ ዳር ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ረዘመ።

ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ወደቁ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ። ዘውዱ የተጫነው ግን አገሪቱ ክፉ ቀን ተብሎ በሚታወቀው ረሃብ ውስጥ ሳለች ነው። በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው፤ በሬ ሲጠፋ እርሻ ቆመ፤ አንበጣና ድርቅም ተጨመሩበት። ረሃቡ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየ ሲሆን ሰሜኑን ደጋ ክፉኛ ጎድቶታል። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር መኳንንቱ በእጃቸው እንዲያርሱ አርአያ መሆናቸው ይታወቃል። ሆኖም አንድ አውራጃ መራቡ በቤተ መንግሥት ሲሰማ ብዙ ጊዜ ሕዝቡ ተሰድዶ ወይም አልቆ ይቆይ ነበር። በ2007 ዓ.ም. የአገሪቱ መንግሥት በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን የምግብ እጥረት ለማስቀረት የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን መባሉ በአጋጣሚ አይደለም። ዋግ የረሃብን ዋጋ ከከፈሉት አካባቢዎች አንዱ ነውና፣ በዚህ ምድር የመልእክት መዘግየት የምቾት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ሌላው የመልእክት ችግር የመጣው ከውጭ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በይስማ ንጉሥ ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው የውጫሌ ውል አሥራ ሰባተኛ አንቀጽ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ በኢጣልያ አማካይነት ሊጠቀሙ ይችላሉ ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግልባጭ ግን ግዴታ አደረገው። ልዩነቱ ግልጽ የሆነው ምኒልክ መንገሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ ሲያስታውቁ ነው። ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ደብዳቤያቸው በኢጣልያ በኩል ማለፍ እንዳለበት የሚያመለክት ነበር። ይህን በዛሬው ቋንቋ ብንገልጸው ኢጣልያ የኢትዮጵያን መልእክት ሁሉ የሚቀበልና የሚያስተላልፍ ማዞሪያ ሆና ለመቀመጥ ፈለገች ማለት ነው። መልእክቱ የሚያልፍበትን ጣቢያ የያዘ ወገን ማን ለማን መቼ እንደጻፈ ያውቃል፤ ከፈለገም ያስቀራል። ምኒልክ ይህን ስለተረዱ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዚሁ ውዝግብ መካከል፣ እሱም ከኢጣልያ መሆኑ የታሪክ ምጸት ነው። ደጃዝማች፣ በኋላ ራስ፣ መኰንን ወልደ ሚካኤል በውሉ ጉዳይ ወደ ኢጣልያ ተልከው በ1882 ዓ.ም. ሲመለሱ የስልክ መሣሪያ ይዘው መጡ፤ መሣሪያውም በቤተ መንግሥት ተሞከረ። ካህናቱ ከሽቦ ውስጥ የሚወጣውን ድምፅ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ተቃወሙ እየተባለ ይነገራል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን አልተበገሩም። ቃሉም በዚያው ቀረ። ስልክ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሽቦ ማለት ነው፤ ዛሬ ሽቦ የሌለውን የእጅ ስልክ እንኳ ሽቦ ብለን እንጠራዋለን። ስልክ መደወል ስንልም ደወሉን እናስታውሳለን፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይብራራል።

በ1886 ዓ.ም. ለኢልግ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ተሰጠ፤ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ያለው 477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ግንባታም በዚሁ ዓመት ተጀመረ። የአገሪቱ የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት ልደት የሚቆጠረው ከዚህ ዓመት ነው። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ስልክን ካስመዘገበ ገና አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። በዚያው ዓመት የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ተወስኖ በፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ተከተሉ።

በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጁ ሲታወጅ ግን ወደ ሰሜን የሚዘልቅ ሽቦ አልነበረም። ነጋሪት ተጎሰመ፤ መልእክተኞች በበቅሎና በእግር ወጡ። ጦሩ ከወረኢሉ ጀምሮ በየመንገዱ እየተጨመረ፣ በአሸንጌና በመቀሌ አድርጎ ወደ ዓድዋ አመራ። የዋግ ጦርም በዋግሹም ጓንጉል መሪነት ዘመተ። ይህን ያህል ሠራዊት ያለ ቴሌግራፍ በአንድ ቦታ መሰብሰብ መቻሉ አሮጌው የመልእክት ሥርዓት ምን ያህል የተደራጀ እንደነበረ ያሳያል። በአንጻሩ ኢጣልያኖች ቴሌግራፍ ነበራቸው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የክሪስፒ የወቀሳ ቴሌግራም ከሮም ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ለጄኔራል ባራቲየሪ ደረሰ፤ ጄኔራሉም ስንቁ እያለቀበት ወደ ኋላ ሊመለስ ሲያስብ፣ ከቴሌግራሙ በኋላ ለጥቃት ወሰነ። ባሻ አውአሎም ደግሞ ለኢጣልያኖች ሰላይ መስለው የኢትዮጵያ ጦር እንደተበተነ የሚገልጽ የተሳሳተ ወሬ አደረሱላቸው። የኪዳነ ምሕረት ኮረብታ በኢጣልያኖች ንድፍ ካርታ ላይ ያለ ቦታው በመጻፉም የጄኔራል አልበርቶኔ ጦር ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደ ፊት ዘለቀ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድሉ የኢትዮጵያ ሆነ። ፈጣን መስመር ያለው ወገን በተሳሳተ መረጃ ተሸነፈ፤ ይህ በጸሐፊው አስተያየት ከዓድዋ ታሪክ በቂ ትኩረት ያላገኘ ገጽ ነው። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውልም የውጫሌ ውል ተሽሮ የኢትዮጵያ ነጻነት ታወቀ።

ከድሉ በኋላ ምኒልክ ለሽቦው የነበራቸው ፍላጎት ጨመረ። እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 ባለው ጊዜ አዲስ አበባን ከአስመራ የሚያገናኝ 880 ኪሎ ሜትር የቴሌግራፍ መስመር ተዘረጋ፤ የዘረጉትም ያው ኢጣልያኖች ናቸው። የስልክ መስመሮችም ከዋና ከተማዋ ወደ ሌሎች አውራጃዎች ወጡ። ሥራው ቀላል አልነበረም። የእንጨት ምሰሶዎቹን ምስጥ ይበላቸው ነበር፤ ሽቦውንም ለጌጥና ለልዩ ልዩ አገልግሎት የሚቆርጠው ሰው አልጠፋም። ያም ሆኖ ንጉሠ ነገሥቱ በስልክ ከአገረ ገዥዎቻቸው ጋር በቀጥታ መገናኘት፣ ትእዛዝ መስጠትና ወሬ መጠየቅ የዕለት ተዕለት ልማዳቸው ሆነ። ስልኩ በዚያን ጊዜ የመንግሥት መሣሪያ እንጂ የሕዝብ አገልግሎት እንዳልነበረ መዘንጋት የለበትም። የዋግ ገበሬ ስለ ስልክ ሰምቶ ከሆነም የሰማው እንደ ተአምር ነው።

ያ ስልክ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማወቅ የዛሬውን ሞባይል ለመረዳት ይጠቅማል። በዘመኑ የነበረው የስልክ ዓይነት በጎኑ እጀታ ነበረው። ደዋዩ እጀታውን ሲያዞር ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠርና በሽቦው ሄዶ በስልክ ቤቱ ያለውን ደወል ያንቃጭላል፤ መደወል የተባለውም ለዚህ ነው። ስልከኛው ደወሉን ሲሰማ ማን እንደሚፈለግ ይጠይቃል፣ ተፈላጊውን በደወል ይጠራል፣ ከዚያም ሁለቱን ሽቦዎች ያገናኛል። ንግግሩ የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ርቀቱ ሲበዛ ድምፁ ስለሚደክም በመካከል ያሉ ስልከኞች የሰሙትን ቃል ተቀብለው ለቀጣዩ ጣቢያ በአፋቸው ይደግሙት ነበር። አንድ የንጉሥ ትእዛዝ ወደ ሩቅ አውራጃ ሲሄድ በብዙ ጆሮና በብዙ አፍ ያልፋል ማለት ነው። ከመካከላቸው አንዱ ከታመመ፣ ካንቀላፋ ወይም ቃሉን ካዛባ መልእክቱ እዚያው ይሰናከላል። ምሥጢርም ከስልከኛው አይሰወርም።

ከንግግሩ በፊትና ከንግግሩ ጎን የሚካሄደውን ይህን የመጠራራትና የማገናኘት ሥራ ባለሙያዎች ሲግናሊንግ ይሉታል። ዛሬም አለ፤ የሚሠራው ግን በሰው ሳይሆን በኮምፒውተር ነው። የሞባይል አገልግሎት በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1999 በአዲስ አበባ ከተጀመረ ወዲህ እያንዳንዱ ስልክ የራሱን እጀታ ራሱ ያዞራል።

ስልክዎን ሲከፍቱ በመጀመሪያ በዙሪያው ያሉ ማማዎች የሚያሰራጩትን ምልክት ያዳምጣል፤ ከመካከላቸው በደንብ የሚሰማውን ይመርጥና የመመዝገቢያ ጥያቄ ይልካል። ማማው ጥያቄውን ተቀብሎ ኮር ኔትወርክ ወደሚባለው ማዕከል ያስተላልፋል እንጂ በራሱ አይወስንም። ማዕከሉ የደንበኞችን መዝገብ ያያል፤ ከዚያም ሲም ካርዱ እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ይልካል። ሲም ካርዱ በውስጡ በተቀበረው ምሥጢራዊ ቁልፍ ቁጥሩን አስልቶ ውጤቱን ብቻ ይመልሳል፤ ቁልፉ ራሱ በአየር ላይ ፈጽሞ አይወጣም። ውጤቱ ማዕከሉ በበኩሉ ካሰላው ጋር ከተስማማ ስልኩ ተመዝግቦ የሚገኝበት ቀጠና ይያዛል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በሰከንዶች ውስጥ ነው።

ሰው ከሰቆጣ ተነሥቶ ወደ ደሃና ወይም ወደ ዝቋላ ሲጓዝ ስልኩ በኪሱ ሆኖ ማማ ይቀይራል፤ ወደ ሌላ ቀጠና ሲገባም አዲሱን ቦታውን ለማዕከሉ ያሳውቃል። ሳይንቀሳቀስ ቢቆይም በየተወሰነ ጊዜ መኖሩን ይገልጻል። ሌላ ሰው ሲደውልለት ማዕከሉ መዝገቡን አይቶ በዚያ ቀጠና ያሉ ማማዎች ሁሉ ስልኩን እንዲጠሩት ያዛል። ስልኩ አቤት ሲል ብቻ የንግግር መስመር ይሰጠውና ይጮኻል። አገልግሎት ከሚገኝበት ቦታ ከወጣ ወይም ባትሪው ካለቀ ጥሪው መልስ ያጣል፤ ለደዋዩም የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ አለመቻላቸው ይነገረዋል።

የዋግን የመሬት አቀማመጥ የሚያውቅ ሰው ችግሩ የት ላይ እንደሚመጣ ይገባዋል። የሬዲዮ ሞገድ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ገደልና ሸንተረር ይጋርዱታል። ወደ ተከዜ ሸለቆ የወረደ ሰው ማማው በአሞራ ቅርብ ሆኖ ሳለ አገልግሎት ሊያጣ ይችላል፤ ስልክ ለመደወል ጉብታ ላይ የሚወጣ ሰው ትክክለኛውን ነገር እያደረገ ነው። ምልክቱ በደከመበት ቦታ ስልኩ ለማማው ለመሰማት ኃይሉን ስለሚጨምር ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ አገልግሎት በማይገኝበት ቆላ የሚውል ሰው ስልኩን አጥፍቶ ቢቆይ፣ ለአስቸኳይ ጉዳይ ባትሪ ይተርፈዋል።

ማማው የሚታይ፣ በስልኩም ላይ የምልክቱ መስመሮች ሙሉ የሆኑ፣ ጥሪ ግን የማይወጣበት ጊዜ አለ። ተገልጋዮችን እጅግ የሚያናድደው ይህ ነው፤ የምክንያቱም ማብራሪያ ብዙ ጊዜ አይሰጣቸውም። በስልኩ ላይ የሚታዩት መስመሮች የሚለኩት ከማማው እስከ ስልኩ ያለውን የምልክት ጥንካሬ ብቻ ነው፤ ከማማው በስተኋላ ስላለው መንገድ የሚናገሩት ነገር የለም። በተራራማ አካባቢ አንድ ማማ ከማዕከሉ ጋር የሚገናኘው ብዙውን ጊዜ ከአንዱ ከፍታ ወደ ሌላው በሚቀባበሉ ጣቢያዎች ነው። ከመካከላቸው አንዱ ኃይል ካጣ ወይም ከተበላሸ ከእሱ ወዲያ ያሉት ማማዎች ቆመው፣ ምልክትም እየሰጡ፣ ከማዕከሉ ግን ተቆርጠው ይቀራሉ። በምኒልክ ዘመን በመካከል ያለው ስልከኛ ሲታመም የሆነው ይኸው ነበር። እንዲህ ያለ ብልሽት ሲያጋጥም የምልክት መስመሮቹ ሙሉ መሆናቸውን ጭምር ለአገልግሎት ሰጪው ማሳወቅ ብልሽቱ የሚገኝበትን ስፍራ ለመለየት ይረዳል።

የጽሑፍ መልእክት ከጥሪ የተለየ ጠባይ አለው። የንግግር መስመር ሳያስፈልገው በዚያው በሲግናሊንጉ መንገድ ይሄዳል፤ በመልእክት ማዕከልም ይቀመጣል። ተቀባዩ ስልኩን ዘግቶ ከሆነ ማዕከሉ ለተወሰነ ጊዜ ይጠብቀዋል፤ ስልኩ ተከፍቶ በተመዘገበ ጊዜ ማዕከሉ ይነገረውና መልእክቱ ይላካል። በዚህ ምክንያት ጥሪ በማይሳካበት ደካማ ቦታ የጽሑፍ መልእክት ሊያልፍ ይችላል። ወላድ የያዛት ሴት ያለችበት ቤተሰብ፣ ጥሪው ሲቆራረጥበት፣ ቦታውንና ጉዳዩን በአጭሩ ጽፎ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መላኩ ጊዜ ሊያድን ይችላል። ይሁን እንጂ ማዕከሉ መቀበሉ ተቀባዩ አየው ማለት አይደለምና፣ መልስ እስኪገኝ ሌላውን መንገድ ማቆም አይገባም። አንድ የጽሑፍ መልእክት 140 ባይት ይይዛል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ እስከ 160 ፊደል ሲሆን በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው። ከ70 በላይ የተጻፈ የአማርኛ ወይም የኽምጣና መልእክት በስልኩ አንድ መስሎ ቢታይም ተከፋፍሎ ይሄዳል፤ እንደየክፍሉም ሊከፈልበት ይችላል።

በኮከብና በመሰላል ምልክት መካከል የሚጻፉት አጫጭር ቁጥሮች ደግሞ፣ ለምሳሌ የቴሌብር *127#፣ ኢንተርኔት ሳያስፈልጋቸው በሲግናሊንጉ መንገድ ይሠራሉ። ከጽሑፍ መልእክት የሚለዩት ግን የሚያስቀምጣቸው ማዕከል ስለሌለ ነው። ልውውጡ እንደ ንግግር ቀጥታ ነውና በመካከል ከተቋረጠ ያው ተቋረጠ። ገንዘብ ሲልኩ መስመሩ ቢቋረጥብዎ ዳግም ከመላክዎ በፊት ሒሳብዎን ይመልከቱ፤ ትእዛዙ ደርሶ የተቋረጠው መልሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። የማረጋገጫ ኮድ ከደረሰዎ ለማንም አይንገሩ፤ ማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይህን ኮድ በስልክ ሊጠይቅዎ አይገባም። የሽቦው ዘመን ስልከኛ ምሥጢር መስማቱ ግድ ነበር። ዛሬ ምሥጢሩን ለሌላ ሰው የሚሰጠው በአብዛኛው ተታልሎ ራሱ ባለቤቱ ነው።

ወደ ምኒልክ እንመለስ። የመጨረሻዎቹ ዓመታት በሥራ የተሞሉ ነበሩ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገብቶ ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው ግን ከእሳቸው ሞት በኋላ ነው። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ተከፈተ። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ተሾሙ፤ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በ1901 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ፤ ኢትዮጵያም የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች።

ሕመሙ የጀመራቸው በዚሁ ሥራ መካከል ነው። በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው ያሳወቁ ሲሆን፣ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የመታቸው ከባድ ሕመም ሽባ አደረጋቸው፤ መናገርም ከለከላቸው። ከሩቅ አውራጃ ድረስ በሽቦ ይሰማ የነበረው ድምፅ ከዚያ ወዲህ በአልጋቸው አጠገብ እንኳ አልተሰማም። እቴጌ ጣይቱ ለጥቂት ወራት መንግሥቱን ያዙ፤ በመጋቢት ወር መኳንንቱ ከሥልጣን አገለሏቸው፤ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውም እንደራሴ ሆነው ሠሩ።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸው በይፋ አልተነገረም፤ ለቅሶም አልተፈቀደም። መስመር ተዘርግቶ፣ ስልከኛው በቦታው ተቀምጦ ሳለ፣ የአገሪቱ ትልቁ ዜና በሽቦው ላይ እንዳይወጣ ተደረገ። ወሬው ግን በቀድሞው መንገድ፣ ከጆሮ ወደ ጆሮ፣ በየገበያውና በየደጀ ሰላሙ መዞሩ አልቀረም። አስከሬናቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት ተቀምጦ ቆየ፤ ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ከነገሡ በኋላ በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም መካነ መቃብር አሠርተው ወደዚያ አዛወሩት። ዛሬም እዚያው ይገኛል።